የእማማ ድምፅ የያዘው ቦታ

"የታለ?" አሉ እማማ፣ በሩ ተከፍቶ ገና ሳያልቅ።

ልጃቸው አልሰማቸውም። እነዚያ ሁለት ነጫጭ ነገሮች ጆሮው ውስጥ ተሰክተው እያሉ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። ቀለም የተረጫጨበትን ጫማውን ደፍ ላይ እያወለቀ፣ ለሌላ ሰው በማይሰማ ዜማ ጭንቅላቱን ይወዘውዛል። እጁ ባዶ ነው። እማማ ጠጋ ብለው አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው ነቀሉና ወለሉ ላይ ወረወሩት።

"የታለ ነው የምልህ!"

"ምኑ? ምን ሆንሽ እማዬ?"

"ፓፉ ነዋ! የልጅህ መድኃኒት!"

ከውስጥ፣ ከሶፋው በኩል፣ የሚጢጢ ደረት መልሱን ሰጠው። ያፏጫል። ሕፃኗ ትከሻዋን ወደ ጆሮዎቿ ሰቅላ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ አየሩን በቀጭን ቀሰም እንደሚጠጣ ሰው ትስበዋለች። አጠገቧ ወደ አፏ የሚረጩላት ትንሿ የመድኃኒት ዕቃ ባዶዋን ተጋድማለች። አስሟ ሲነሣ ከዚያች ዕቃ ሌላ የሚያስታግስላት የለም፤ እማማ ጠዋት ነቅንቀዋት ባዶ መሆኗን ሲያውቁ ልባቸው አብሮ ባዶ ሆኖ ነበር።

"አለቀ እንዴ?" አለ ልጃቸው፣ ፊቱ ግድግዳ መስሎ።

"ነገርኩህ እኮ! ከጠዋት ጀምሮ ስነግርህ ዋልኩ!"

"ምንም አልነገርሽኝም!"

ይህን ያለው ወደ ውጭ እየሮጠ ነው፤ የጫማውን ክር እንኳ አላሰረም። እማማ ቢናደዱም ምላሳቸው ልማዱን አልተወም፤ በመስኮት ብቅ ብለው "መንገዱን አይተህ ተሻገር! መኪና አለ! ክርህ ይጠልፍሃል!" እያሉ ጮኹበት። የሠፈሩ ሰው "እማማ ተጠንቀቁ" ብሎ ስም ያወጣላቸው በከንቱ አይደለም።

ፋርማሲው ሩቅ ነው። እማማ ሚጢጢን ከኋላዋ ደግፈው፣ ጀርባዋን እያሻሹ፣ "ቀስ ብለሽ የኔ እናት፣ ቀስ፣ አባባ መጣ" እያሉ ጠበቁ። ልጅቷ ማልቀስ እንኳ አልቻለችም፤ ለልቅሶም አየር ያስፈልጋል። ልጃቸው እያለከለከ ተመልሶ አዲሱን ፓፍ ሲያመጣ እማማ ልጅቷን ቀና አድርገው ያዙለት፤ መርጨቱን እሱ አደረገው። አንዴ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዴ። ፉጨቱ ቀስ በቀስ እየራቀ ሄደ። ሚጢጢ ጭንቅላቷን የአያቷ ጭን ላይ ጣል አድርጋ "አባባ ቀለም ቀለም ትሸታለህ" ብላ ዐይኗን ጨፈነች።

ያን ጊዜ ነው እማማ የተነሡት። ወደ ማድ ቤት ሄዱ፤ ልጃቸውን በጣት ጠርተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

"በል ስልክህን አምጣ።"

"እማዬ፣ ተይኝ እስቲ። ቀኑን ሙሉ ከምድር በታች የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ስቀባ ነው የዋልኩት። አንገቴ ተቆልምሟል።"

"የልጅህ አንገትስ? አምጣ ነው የምልህ! 'ሥራ ላይ ስልክ ማንሣት አይፈቀድልኝም፣ ቮይስ ተዪልኝ፣ ምሳ ሰዓት እሰማዋለሁ' ያልከኝ አንተ አይደለህም? አምስት ጊዜ ተናገርኩልህ!"

ቀለም እንዳይነካው በፌስታል የጠቀለለውን ስልክ ፈታ። የእናቱን ስም ነካው። አምስቱም መልእክቶች ተደርድረው ቆመዋል፤ አንዱም አልተከፈተም።

"መጥተዋል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግን አይከፈቱም። ስነካቸው 'ቦታ የለም' ይለኛል። ስልኩ ሞልቷል።"

"በምን ሞላ?"

"በምን ይሞላል? ባንቺ ነዋ!"

እማማ ቀና ብለው አዩት።

"ምን ታያለሽ? በቀን ሃያ ቮይስ ትልኪያለሽ። በላህ ወይ፣ መሰላሉን ሰው ያዘልህ ወይ፣ ቀለሙን አትሽትተው፣ ጃኬት ደርብ። ሁለት ዓመት ሙሉ! ያ ሁሉ የት የሚሄድ ይመስልሻል? እዚህ ውስጥ ነው የሚጠራቀመው። ባለፈው እሑድ ቁጭ ብዬ ግማሹን ባጠፋው፣ ሰኞ ተመልሶ ጢም!"

"ያ ቀን ከሌት የምትሰማው ዘፈንህስ? እሱ አይሞላም?"

"እሱማ ደመና ላይ ነው።"

"የት?"

"ደመና! እዚህ ስልኩ ውስጥ አይደለም ያለው። በየወሩ የምከፍለው ለምን ይመስልሻል? ከላይ እየፈሰሰ ይመጣል፣ እሰማዋለሁ፣ ያልፋል። ቦታ አይይዝም።"

እማማ ስምንተኛ ክፍል ደርሰዋል፤ ጋዜጣ ያነባሉ፤ ደመና ላይ ስለተሰቀለ ዘፈን ግን የተማሩት ነገር የለም። ቢሆንም አንድ ነገር አልዋጥ አላቸው።

"ግማሹን አጥፍተኸው ሰኞ ተመልሶ ከሞላ፣ እኔ በአንድ ቀን ያን ሁሉ አወራሁ?"

ልጃቸው ሳቀ። "አንቺን ማን ይችልሻል?"

ያቺ ሳቅ ናት አንጀታቸውን ያቃጠለችው። ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር።

ማታ ንዴታቸውን ውጠው እንቅልፍ ቢጠሩ፣ ከግድግዳው ማዶ ልጃቸው ለሚስቱ ሲደውል ሰሙት። ምራታቸው ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት፤ ያን ሳምንት የሌሊት ተራዋ ነበር። "አሁን ደህና ናት፣ አትደንግጪ" አለ ልጃቸው። ከዚያ ሚስቱን አዳምጦ፣ "አይ፣ እኔስ መቼ ሰማሁ? አልነገረችኝም። ልትነግረኝ አስባ ረስታው ይሆናል። እናቴ ዘንድሮ እኮ..." አለና የቀረውን በረጅም ትንፋሽ ጨረሰው።

እማማ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነከሱ።

*

ጠዋት ምራታቸው እጇ በሳሙና ተልጦ፣ ዐይኗ ቀልቶ ገባች። ልጇን ስማ፣ ደረቷ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች። ከዚያ ከእማማ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ለዚህ ነው ነገሩ የባሰው።

"እማማ፣ እርስዎም ደክመዋል" አለች። "ሳስበው ቆየሁ። ሚጢጢ ለጊዜው እህቴ ጋ ትሁን። ሰኞ እወስዳታለሁ።"

የእህቷ ቤት ከተማውን ተሻግሮ ነው። እማማ ሚጢጢን ከተወለደች ጀምሮ አንድ ቀን ከእጃቸው ለይተዋት አያውቁም፤ ሳሏን ከበር ማዶ ሰምተው የትኛው የብርድ፣ የትኛው የአስም እንደሆነ የሚለዩት እሳቸው ናቸው።

"ለጊዜው ማለት እስከ መቼ?"

"እርስዎ... ሻል እስኪልዎ።"

"እኔ ምን ሆንኩ? ማነው ረሳሁ ያለሽ?"

ምራታቸው ባሏን አየች። ባሏ የሻይ ብርጭቆውን ታች አየ፣ ስኳሩ መሟሟቱን እንደሚመረምር ሰው።

"ማንም አላለኝም" አለች ምራታቸው። "ግን እርስዎም ያውቁታል። ምድጃውን አጠፋሁ ወይስ አላጠፋሁም ብለው ከመንገድ ስንቴ ይመለሳሉ? እኔ እኮ ለልጄ ነው የፈራሁት።"

"ተመልሼ በርቶ ያገኘሁበት ቀን አለ? አንድ ቀን! አንድ ቀን ጥሪልኝ!"

እማማ ወደ ልጃቸው ዞሩ። አሁን ይናገራል፣ አሉ በልባቸው፤ አሁን "ልካልኝ ነበር" ይላል። ልጃቸው ስልኩን አነሣ። ፎርማኑ ነው የሚደውለው።

"አቤት አለቃ! ተጨርሷል፣ ሁለት እጅ ተቀብቷል... የደረጃውንም ጭምር... እሺ፣ ፎቶውን ትናንት ነው ላነሣው ያሰብኩት፣ አሁኑኑ ደርሼ አንሥቼ እልክልዎታለሁ።" ዘጋና ስልኩን ለሙከራ ወደ መስኮቱ አነጣጥሮ ነካው። "ቦታ የለም! ይኸው! ፎቶ እንኳ አላነሣ አለኝ። የጨረስኩት ሥራ በፎቶ ካልተረጋገጠልኝ ለሌላ ሊሰጠው ነው። አየሽ እማዬ? አየሽ የምልሽን?"

እማማ ምድጃው ላይ የተጣደውን የሻይ ጀበና አወረዱ። ነጠላ ጫማቸውን ትተው ሽፍኑን አደረጉ።

"ተነሥ።"

"ወዴት?"

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ጥግ ላይ ያለችው ስልክ ጠጋኝ ጋ። የሞላው በኔ ድምፅ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አፌን እለጉመዋለሁ፤ ሚጢጢንም ሰኞ ልብሷን ራሴ ሸክፌ አስረክባለሁ። ካልሆነ ግን..."

"ካልሆነ ምን?"

"ካልሆነ ያኔ እነግርሃለሁ።"

ምራታቸው "እኔ ዐይኔ አልገለጥ ብሎኛል" ብላ ልትተኛ ገባች። ሚጢጢ ግን "እኔም! እኔም!" ብላ እጃቸውን ያዘች። ደረጃው አጋማሽ ላይ ያ የኖረ ሐሳብ እማማን ቀጥ አደረጋቸው፤ ምድጃው። አጠፋሁት? ዞር ሲሉ ልጃቸው ከላይ ሆኖ ያያቸዋል፤ ከንፈሩ ዳር ያቺ የትናንቷ ሳቅ እየመጣች ነው። እማማ ሐሳባቸውን ዋጡና ቁልቁል ወረዱ።

*

ስልክ ጠጋኟ የምትሠራው ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር በተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ከመስታወቱ በታች የተገነጣጠሉ ስልኮች ሆዳቸውን ከፍተው ይታያሉ። ወጣት ናት፣ ምላሷ ከመፍቻዋ ይሳላል።

"እማማ ተጠንቀቁ! ዛሬ ደግሞ ምን ሊፈነዳ ነው?"

"ዛሬስ እኔ ነኝ የምፈነዳው። ይኼን ስልክ ክፈቺና ሆዱን ምን እንደሞላው ንገሪን። ዳኛዋ አንቺ ነሽ።"

"ዳኝነት በነፃ አልሠራም" አለች እየሳቀች። የእማማን ፊት ስታይ ግን ሳቋን መለሰችው። ስልኩን ተቀብላ ሁለት ሦስት ቦታ ነካችና ወደ ልጃቸው አዞረችለት። "አንተ ቀለም ቀቢ አይደለህ? እስቲ ይኼን ግድግዳ እየው።"

የስልኩን ቦታ ምን እንደያዘው በቀለም የሚለይ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ ረጅም መስመር ነበር። ከጥግ ትንሽ ሰማያዊ፣ ትንሽ አረንጓዴ። የቀረው ሁሉ ብርቱካናማ ነው።

"ይኼ ብርቱካናማው ምንድን ነው?" አለ።

"ሙዚቃህ ነዋ።"

"አይደለም። ተሳስተሻል። ሙዚቃው ደመና ላይ ነው።"

"ደመናውማ ዘንቦብሃል!" አለች ጠጋኟ። "ስማ፣ እዚያም አለ፣ እዚህም አለ። አንድ ዘፈን በሰማህ ቁጥር፣ ነገ ሊደግመው ይፈልግ ይሆናል እያለ ስልክህ ቀድቶ ቀድቶ ያስቀምጣል። ይቺን ቁልቁል የምታመለክት ቀስትስ ነክተሃታል?"

"ከምድር በታች ስንሠራ ኔትወርክ ስለሌለ... ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ነካ አደርጋታለሁ። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነው የምውለው፤ ዘፈን ከሌለ ጭንቅላቴ ይዞራል።"

"ነካ! አንዴ ነካ ስታደርጋት አንድ አልበም ሙሉ ወርዶ ቤቱን እዚህ ይሠራል። የድምፅ ጥራቱንም የመጨረሻው ላይ ሰቅለኸዋል። አንዱ ዘፈን የብዙውን ቦታ ነው የሚይዝልህ።"

"እሑድ ግን ብዙ ነገር አጥፍቼ ነበር። ሰኞ ሞላብኝ።"

"ያስለቀቅከውን ቦታ ዘፈኑ ወረሰው። ቧንቧውን ክፍት ትተህ ባልዲውን ብትደፋ ምን ይፈይዳል?"

እማማ መስታወቱን በመዳፋቸው መቱት። "የኔስ? የኔ ድምፅ የቱ ነው?"

ጠጋኟ ጣቷን እያንሸራተተች ወረደች፤ ቆመች፤ ስልኩን ወደ እማማ ዐይን አስጠጋች። "ይቺ ናት።"

"የቷ?"

"ይቺ። ክር የምታህለው።"

"የሁለት ዓመቱ?"

"እሱ ሳያጠፋው የቀረው። ያጠፋውን ብንጨምርበት እንኳ፣ ቢበዛ ቢበዛ ከዘፈኖቹ የጥቂቶቹን ቦታ ቢይዝ ነው። የሰው ድምፅ ቀላል ነው እማማ፣ ቦታ አይፈጅም።"

እማማ ደስ ይለኛል ብለው ነበር። አላላቸውም። መሰላሉ፣ መንገዱ፣ ብርዱ፣ የልጅቷ ሳል፣ የሁለት ዓመት ሥጋታቸው ሁሉ ተጠራቅሞ ቀቢዎች ግድግዳ ጠርዝ ላይ የሚለጥፉትን የወረቀት ፕላስተር ስፋት እንኳ አላከለም። ያችንም ነው የጠረገባቸው።

"ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ ቢያንስ ወተቷን አላይም ብሏል!" አሉ። "አንተ ግን ላሚቱን ጎትተህ እዚሁ ጓዳ አስገብተህ፣ በሩን የዘጋችው እናቴ ናት ትላለህ!"

"እማዬ፣ በቃ፣ አላወቅኩም ነበር..."

"የወረዱትን ላጥፋቸው?" አለች ጠጋኟ መሐል ገብታ። "አይሞቱም። ኔትወርክ ስታገኝ ከላይ ትሰማቸዋለህ።"

ልጃቸው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ብርቱካናማው ቀለም ተፋቀና ግድግዳው ነጣ። ጠጋኟ ተሳክቶ እንደሆነ ልትሞክር ወደ መልእክቶቹ ገባች፤ የመጀመሪያዋን ስትነካት የእማማ ድምፅ ጠባቧን ሱቅ ሞላት።

"ልጄ፣ ፓፉ አልቋል። ከሥራ ስትወጣ ይዘህ ና። አሁን ደህና ናት፣ አትደንግጥ። መሰላሉን ሰው ይያዝልህ።"

"እማማ፣ ይቺ አንቺ ነሽ!" አለች ሚጢጢ። ሁለተኛው ላይ ከኋላ ሳል ሲሰማ ደግሞ ዘለለች። "እኔም አለሁበት! የኔ ሳል ነው!"

ሦስተኛው ላይ የእማማ ድምፅ ፈጠነ። አራተኛው ላይ "አልሰማኸኝም እንዴ ልጄ?" የሚል ብቻ ነበር። በአምስተኛው ከአንድ ቃል በቀር የለም። ረጅም የደረት ፉጨት፣ ከዚያ የሚንቀጠቀጥ "ልጄ"፣ ከዚያ አለቀ። ስለ መሰላሉ እንኳ አላነሡም።

ጠጋኟ ዐይኗን ከስልኩ ሳትነቅል፣ "ደግሞ እኮ ድምፃቸውን ዘግተኸዋል" አለች። "ቦታ ቢኖርም አይጠራልህም ነበር። የሌላው ሰው ሲመጣ ይጠራል፤ የሳቸው ብቻ ነው የተዘጋው።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አሉ እማማ።

ልጃቸው አንገቱን አከከ። "ቆየ" አለ። ከዚያ ስልኩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። "በይ ስጪኝ፣ ሄጄ ፎቶውን ላንሣ፣ ፎርማኑ እየጠበቀ ነው።"

ስልኩን ቀድመው የያዙት እማማ ናቸው።

"ካልሆነ ያልኩህን አሁን ልንገርህ። እነዚህን አምስቱን ለሚስትህ ላክ። በገዛ ጣትህ። ከሥራቸውም 'እናቴ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት' በልላት።"

"እማዬ፣ ማታ ቁጭ ብለን እነግራታለሁ። አሁን ተኝታለች።"

"ስትነሣ ትሰማዋለች።"

"ፎርማኑ..."

"ፎርማኑም ይጠብቅ። እኔ ትናንት ስጠብቅ ውዬ የለም?"

"ሰው ፊት አታዋርጂኝ እንጂ!"

"እኔን ያዋረድከኝ የት ነው? ልጄን ልትወስድብኝ በተነሣች ሴት ፊት! በሻይ ብርጭቆዬ ላይ አቀርቅረህ!"

ጠጋኟ በድንገት ከመስታወቱ ሥር የምትፈልገው መፍቻ ጠፋባት፤ ጎንበስ ብላ ቀረች። ልጃቸው ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ ድምፁ ለሰለሰ፤ እናቱን የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነበር።

"እሺ፣ ቤት እንሂድና እዚያ እንጨርሰው። ለመሆኑ እማዬ፣ ስንወጣ ምድጃውን አጥፍተሽዋል?"

የእማማ እግር ቀድሟቸው ተንቀሳቀሰ። መጋረጃው ለምድጃው ቅርብ ነው፤ ምራታቸው ተኝታለች፤ እንቅልፏ ከባድ ነው። እጃቸው የሚጢጢን እጅ ጨብጦ ወደ በሩ ሳበ።

ቆሙ።

ጀበናውን ያወረዱት በግራ እጃቸው ነበር። በቀኛቸው ማዞሪያውን ይዘው ነበር። ቀጭ ሲል ሰምተውታል። ውኃው መንሿሿቱን ትቷል፤ "ተነሥ" ያሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት። ዐይኑን ሰበረ።

"አጥፍቻለሁ" አሉ እማማ።

የደንበኛ መቀመጫዋን ከጥግ ጎትተው በሩ ላይ፣ መውጫው ላይ አደረጓት። ተቀመጡ። ሚጢጢን አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፣ የሹራቧን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፉላት። ከዚያ ስልኩን ለልጃቸው ዘረጉለት።

"ላክ" አሉ። "እኔ የምቸኩልበት የለኝም።"